«ጓደኛዬ እንኳን አይደለም፣ የማውቀው ሰው ነው»፦ በ20 ሚሊዮን ሰዎች ላይ የተካሄደ የሥራ ፍለጋ ሙከራ

ሥራ ፈላጊ ማታ ማታ ምን እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል። ሲቪውን ይከፍታል፣ አንድ ቃል ይቀይራል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ከዚያ ስልኩ ላይ ያገኘው ማስታወቂያ ሁሉ ላይ አፕላይ ያደርጋል። ጠዋት ኢሜይሉን ሲከፍት «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል የማሽን መልስ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ጭጭ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ከቆየ አንድ ነገር ማለቱ አይቀርም፦ «ሰው ከሌለህ ሥራ የለም።»

አባባሉ ምሬት አለበት። ምሬቱን ወደ ጎን ብንተወው ግን ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል። የትኛው ሰው? ዘመድ? የልብ ጓደኛ? የድሮ አለቃ? ወይስ ስልጠና ላይ አንዴ አጠገባችን ተቀምጦ የነበረ ሰው?

ይሄንን በግምት ሳይሆን በሙከራ ለመመለስ የሞከረ አንድ ጉዳይ አለ። ሊንክድኢን የሚባለው የሥራና የሙያ ትውውቅ ድረ-ገጽ ከ2015 እስከ 2019 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ20 ሚሊዮን በላይ በሚሆኑ ተጠቃሚዎቹ ላይ ያካሄደው ሙከራ ነው። ውጤቱ በሴፕቴምበር 2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ከአምስቱ ጸሐፊዎች መካከል የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲው ሲናን አራልና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ብሪንዮልፍሰን ይገኙበታል። ነገሩ የሚገባን ግን ድረ-ገጽ የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት ከጀመርን ነው።

ኒውተን፣ ማሳቹሴትስ

በ1960ዎቹ መጨረሻ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሃርቫርድ የዶክትሬት ተማሪ ከቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ ሰዎችን እያነጋገረ ነበር። የመረጣቸው በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን፣ ቴክኒሻኖችንና ሥራ አስኪያጆችን ነው። 100 ሰዎችን በአካል አነጋገረ። ሌሎች 182 ሰዎች ደግሞ በፖስታ የላከውን መጠይቅ ሞልተው መለሱለት። ጥያቄው ቀላል ነበር። ይሄን ሥራ እንዴት አገኘኸው?

56 በመቶ የሚሆኑት በሰው በኩል ነው አሉ። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር የለም። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። «ጓደኛህ ነው የነገረህ?» ሲላቸው ብዙዎቹ ያርሙት ነበር። ጓደኛ አይደለም፣ የማውቀው ሰው ነው።

ግራኖቬተር ይሄንን እርማት ሰምቶ አላለፈውም። በአካል ካነጋገራቸው መካከል በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን፣ ያንን ሰው በዚያ ሰሞን በምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠየቃቸው። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሆኑ። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ ነው። 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ። አንዳንዶቹማ የነገራቸው ሰው መኖሩንም ረስተውት ነበር። መንገድ ላይ ተገናኙ፣ ወይም የጋራ ወዳጅ አገናኛቸው፣ ወሬ በወሬ ላይ ሲነሳ ሥራው ተነሳ።

ምክንያቱ ካሰቡት በኋላ ግልጽ ነው። የልብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቃላችሁ። የሚያገኛቸውን ሰዎች ታገኛላችሁ፣ የሰማውን ወሬ እናንተም በዚያው ቀን ሰምታችኋል። ይወዳችኋል፣ ሊረዳችሁም ይፈልጋል። ግን እጁ ላይ አዲስ ነገር የለም። በዓመት አንዴ ሰላም የምትሉት ሰው በሌላ ክበብ ውስጥ ነው የሚኖረው። እዚያ ትናንት የተወራው ለእናንተ ዛሬም ዜና ነው።

ግራኖቬተር ይሄንን ሐሳብ ጽፎ በ1969 ለአንድ ታዋቂ የሶሲዮሎጂ ጀርናል ላከው። አልተቀበሉትም። በ1973 ሌላ ጀርናል አሳተመው። ዛሬ በማኅበራዊ ሳይንስ በብዛት ከተጠቀሱ ጽሑፎች አንዱ ነው። ማመልከቻው ተመልሶበት የተከፋ ሥራ ፈላጊ ይቺን ልብ ይበል።

ምን ጎደለው?

ለ50 ዓመት ያህል ይሄ ሐሳብ በየትምህርት ቤቱ ተሰጠ፣ በየስልጠናው ተሰበከ። ግን አንድ ቀዳዳ ነበረበት። ጥያቄው የቀረበው ሥራ ላገኙ ሰዎች ነው። የሩቅ ትውውቅ ያለው ሰው ምናልባት በጠባዩ ተግባቢ፣ ቀልጣፋ፣ ሙያውም ተፈላጊ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ያለ ትውውቅም ሥራ ያገኝ ይሆናል። ትውውቁ ነው ሥራውን ያመጣው ወይስ ሰውዬው ራሱ?

ይሄንን ለመለየት የአንዱን ሰው ትውውቅ መጨመር፣ የሌላውን ግን እንዳለ መተው፣ ከዚያ ቆይቶ ማየት ያስፈልጋል። ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ የማይታሰብ ነገር ነው። ሰው ለሰው የሚያስተዋውቅ ማሽን ላለው ድርጅት ግን የዕለት ሥራው ነው።

ሊንክድኢን የምትጠቀሙ ከሆነ «ልታውቋቸው የምትችሉ ሰዎች» እያለ ፊትና ስም የሚደረድርላችሁን ቦታ ታውቁታላችሁ። ከስሙ ሥር በቁጥር ስንት የጋራ ትውውቅ (ሁለታችሁም የምታውቁት ሰው) እንዳላችሁ ይጽፋል። ሙከራው የተካሄደው እዚያች ሣጥን ውስጥ ነው። ድርጅቱ ስሞቹን የሚመርጠውን አልጎሪዝም በየቡድኑ ይለዋውጠው ነበር። ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሚገባ የወሰነው ዕጣ ነው። ለአንዱ ቡድን የሩቅ ሰዎች በብዛት እንዲመጡለት ሆነ፣ ለሌላው የቅርብ ሰዎች። ዕጣ ስለሆነ በአንዱ ቡድን ተግባቢዎቹ፣ በሌላው ዝምተኞቹ አልተሰበሰቡም። በኋላ የሥራ ልዩነት ከታየ ምክንያቱ ጠባይ ሳይሆን ትውውቁ ነው ማለት ይቻላል።

በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ 2 ቢሊዮን አዲስ ትውውቅ ተፈጠረ። 600,000 አዲስ ሥራም ተመዘገበ።

ውጤቱ

ግራኖቬተር ትክክል ነበር። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

የሩቅ ትውውቅ ሥራ የመቀየር ዕድልን ከፍ ያደርጋል። የልብ ወዳጅ ያን ያህል አያደርግም። ነገር ግን «በራቀ ቁጥር ይሻላል» ማለት አይደለም። የጋራ ትውውቅ በቁጥር ሲለካ ጥቅሙ መጀመሪያ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጫፉ ያለው ወደ 10 የሚጠጉ የጋራ ትውውቆች ያላችሁ ሰው አካባቢ ነው። አንድ የጋራ ሰው ብቻ ካላችሁ ያው ባዕድ ነው። የጋራ ሰዎቻችሁ በጣም ከበዙ ደግሞ የአንድ ጠረጴዛ ሰዎች ናችሁ፣ ወሬያችሁም አንድ ነው።

እኔ ከጥናቱ ሁሉ የወደድኩት ይቺን ቁጥር ነው። 10 የጋራ ሰው ያለን ሰው ማን ነው? የድሮ መሥሪያ ቤት ሌላ ክፍል ይሠራ የነበረ። የኮሌጅ ሁለት ዓመት ታናሽ። የደንበኛ ድርጅት ሒሳብ ሹም። ስሙን ስትጠሩለት «አዎ፣ አውቀዋለሁ» የሚል፣ የልደት ቀናችሁን ግን የማያውቅ። በአማርኛ «የሰላምታ ሰው» የምንለው።

አንድ ሌላ መለኪያም ነበራቸው፦ ሰዎቹ ምን ያህል ይነጋገራሉ የሚል። በዚህኛው ሲለካ ብዙም የማይነጋገሩት ትውውቆች ናቸው የበለጠ የጠቀሙት። የረሳችሁት ሰው ዋጋው አልወደቀም ማለት ነው። ሳይጨምርም አይቀርም።

ሌላው ግኝት በሥራ ዘርፍ ይለያያል የሚለው ነው። ሶፍትዌርና ሰው ሠራሽ ልህቀት በብዛት የገባባቸው፣ ከርቀት መሥራት የተለመደባቸው ዘርፎች ውስጥ የሩቅ ትውውቅ ጎልቶ ይጠቅማል። ዲጂታል ባልሆኑት ዘርፎች ግን የቅርብ ወዳጅ ይሻላል። ስለዚህ የሶፍትዌር ባለሙያና የግንባታ ፎርማን አንድ ዓይነት የሥራ ፍለጋ ምክር ሲሰጣቸው አንዱ መሳሳቱ ነው።

አሁን ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስስበት። 2 ቢሊዮንን ለ600,000 አካፍሉት። ለአንድ ሥራ ከ3,300 በላይ ትውውቅ ይደርሳል። ስሌቱ ሻካራ ነው። ብዙዎቹ ሥራ እየፈለጉ አልነበሩም፣ የተቆጠረውም በመረጃው ላይ የታየው ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ይናገራል። ዝም ብሎ «ኮኔክት» የምትለዋን ቁልፍ መጫን ሥራ አይሆንም። 5,000 ሰው ሰብስቦ አንዱንም የማያናግር ሰው አውቃለሁ። ስልክ ማውጫ ነው ያለው።

ፌስቡክ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል

ከሊንክድኢኑ ጥናት በፊት ላውራ ጂ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ የፌስቡክን መረጃ ይዘው ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ነበር። መጀመሪያ አሜሪካን፣ ከዚያ 55 አገሮችን አዩ። በ2017 የወጣው መልሳቸው ግራ ያጋባል። ብዙ ሰው የሚቀጠረው የሩቅ ትውውቁ ቀድሞ በሚሠራበት ቦታ ነው። ይሄ የሆነው ግን የሩቅ ትውውቅ ብዙ ስለሆነ ነው። አንድ የሩቅ ሰውና አንድ የቅርብ ሰው አጠገብ ለአጠገብ ቢመዘኑ የቅርቡ ይበልጣል።

ይሄኛው ሙከራ አይደለም፣ የነበረውን መመልከት ነው። እኔ ሁለቱን የማስታርቃቸው እንዲህ ነው። ሥራ ለማግኘት ሁለት የተለያየ ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ሥራው መኖሩን መስማት። ሁለተኛው ስለ እናንተ ደፍሮ የሚናገር ሰው። የመጀመሪያውን የሩቁ ሰው ያመጣዋል፣ ሁለተኛውን የቅርቡ። ወሬውን ከሩቁ ሰምታችሁ፣ ምስክርነቱን የሚሰጥ የቅርብ ሰው እዚያው ብታገኙ እንግዲህ ሎተሪ ወጣላችሁ። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ጥናቶቹ በዚህ መንገድ አልጻፉትም።

ታዲያ ማታ ምን እናድርግ?

ሲቪው ይቀራል ማለት አይደለም። የምትልኩት ፋይል ጽሑፍ ይሁን፣ ፎቶ የተነሳ ወረቀት አይሁን። ሁለት ዓምድና ሠንጠረዥ የበዛበት ሲቪ የማጣሪያ ሶፍትዌር ሲያነበው ሊዘባረቅ ይችላል። በቃ፣ ስለ ሲቪ ይሄ ይበቃል።

ጊዜው መሄድ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። ልትሠሩበት የምትፈልጉትን ድርጅት ስም ፈልጉ። እዚያ ከሚሠሩት ውስጥ የጋራ ትውውቅ ያላችሁን አውጡ። ቁጥሩን እዩት። ሁለት ከሆነ እለፉት፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ እንዲያስተዋውቃችሁ ጠይቁ። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ከሆነ እዚያ ላይ ቁሙ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው። መጻፍ። እዚህ ላይ የሚይዘን ኢንተርኔት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። «ሲቸግረው ብቻ ትዝ አልኩት ይለኛል» ብለን እንተወዋለን። ወይም ደግሞ ይሉኝታውን ለመሸሽ እንዲህ ያለ ነገር እንልካለን፦

«ሰላም፣ እንዴት ነህ፣ ጠፋህ እኮ! እኔ ደህና ነኝ፣ አሁን ሥራ እየፈለግኩ ነው። የሆነ ነገር ካለ አስበኝ።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። ሊረዳም ይችላል። ግን ምን ያስብ? የሆነ ነገር ማለት ምንድን ነው? ሒሳብ ነው የምትሠራው ወይስ ሽያጭ? «እሺ፣ ካለ እነግርሃለሁ» ብሎ ይመልሳል። እዚያው አለቀ። ለዓመታት ያላናገረውን ሰው የሥራ ኤጀንት እንዲሆን ነው የጠየቅነው።

አሁን ይሄንን እዩት፦

«ሰላም ነው? የመጋዘኑን ሶፍትዌር ስንቀይር አብረን ነበርን፣ እኔ የዕቃ ቆጠራውን የያዝኩት ነኝ። አሁን ያለህበት ድርጅት ሁለተኛ መጋዘን እንደከፈተ አየሁ። የዕቃ ቁጥጥሩን በራሳችሁ ሰው ነው የምትሠሩት ወይስ ለውጭ ድርጅት ሰጥታችሁታል? ወደዚያ ሥራ ልመለስ እያሰብኩ ስለሆነ ነው። በሁለት መስመር ብትመልስልኝ ይበቃኛል።»

ጸሐፊው ማን እንደሆነ አስታወሰው። ሰውየው በአንድ ደቂቃ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ጠየቀ። ሥራ ስጠኝ አላለም፣ ምን እንደሚፈልግ ግን ግልጽ ነው። ሰውየው መልሱን ሲጽፍ «እንደውም ሰው እየፈለጉ ነው» ካለ ያቺ ዓረፍተ ነገር ገና ማስታወቂያ ያልወጣበት ቦታ ልትሆን ትችላለች። ካላለም ሁለት መስመር እውነተኛ መረጃ ተገኘ። ሁለቱንም ማሽኑ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ሲል አይሰጣችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይሄንን መልእክት ኮፒ አድርጎ ለ40 ሰው መላክ የለም። ሁለተኛው መጋዘን እውነት መከፈት አለበት። ጥያቄው የሚሠራው አንብባችሁ፣ አስባችሁ የጻፋችሁት ስለሆነ ነው። በሳምንት ሦስት እንደዚህ ያለ መልእክት መጻፍ ብዙ ነው። እውነቴን ነው፣ ሞክሬዋለሁ፣ አንዱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

መልስ ካልመጣስ? ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱት፣ ከዚያ ተዉት። ሰው ሥራ ይበዛበታል፣ መልእክቱም ከመቶ ማስታወቂያ ሥር ይቀበራል። ቂም የሚያዝበት ነገር አይደለም።

ያልተጠየቁት 20 ሚሊዮን

የዚህ ጉዳይ ሌላ ገጽታ አለ። ጥናቱ በወጣ በቀናት ውስጥ ኒው ዮርክ ታይምስ አንድ ጥያቄ አነሳ። እነዚህ ሰዎች ሙከራ ውስጥ መሆናቸውን ያውቁ ነበር? አያውቁም ነበር። ሊንክድኢን በተጠቃሚ ስምምነቱና በግላዊነት ፖሊሲው መሠረት መሥራቱን ተናገረ። ማንም የማያነበው፣ ሁላችንም «እስማማለሁ» የምንለው ያ ወረቀት ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ማንንም ለመጉዳት አላሰቡም። እንደዚህ ያለ ሙከራ ብዙ የድረ-ገጽ ድርጅቶች የሚያደርጉት ነው። ያለ ሙከራውም ይሄ ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀር ነበር፣ እኔም ይሄንን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ቢሆንም ነገሩ ይከነክነኛል። የሩቅ ትውውቅ ሥራ ያመጣል የሚለው እውነት ከሆነ፣ በዕጣ የቅርብ ሰዎች በብዛት የተደረደሩለት ሰው ያላገኘው ሥራ አለ ማለት ነው። አያውቀውም። «ዕድል የለኝም» ብሎ ይሆናል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ወስጃለሁ። ያቺ የስሞች ሣጥን የኔ ማስታወሻ አይደለችም። ማን እንደሚታየኝ ሌላ ሰው ይወስናል፣ ነገ ደግሞ ይቀይረዋል። ስለዚህ የራሴን ዝርዝር ከሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት የድሮ ኢሜይል ውስጥ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የነበረ ፕሮጀክት፣ «የነገው ስብሰባ ወደ አራት ሰዓት ተዛውሯል» የሚል አንድ መስመር። ከላይ ሲሲ የተደረጉ 12 ስሞች። የአምስቱን መልክ ማስታወስ አልቻልኩም።

ከአምስቱ አንዷን ፈለግኳት። አሁን እኔ በምፈልገው ዘርፍ ውስጥ ናት። የጋራ ትውውቅ፣ 11። ይሉኝታው መጣ። መልእክቱን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በአራተኛው ማን እንደሆንኩ አስታውሼ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩና ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት።

በማግስቱ መለሰች። ለጥያቄዬ ሦስት መስመር ጻፈችልኝ፣ የምትመራውን ክፍል ሁኔታ ጭምር። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ቆይ፣ አንተ አይደለህም እንዴ በስብሰባው ጠዋት ፕሪንተሩን የሰበርከው?»